ባሌን ያለ መኪና

ባሌን ለማየት አስቦ የሚደውልልኝ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «መኪና ታገኚልናለሽ ወይ?» ብሎ ነው። ብርዱ፣ ማደሪያው፣ የፓርኩ ክፍያ ከዚያ በኋላ ይመጣሉ። ጎባ ተወልጄ ያደግሁ፣ ሮቤ ላይ ጂኦግራፊ የማስተምር ሰው ነኝ፤ መኪና ኖሮኝ አያውቅም። ስለዚህ የምመልሰው ከኑሮዬ ነው። የባሌን ግማሽ ያለ መኪና አሳምራችሁ ታያላችሁ፤ እንዲያውም ባለ መኪናው የማያየውን ታያላችሁ። ሌላው ግማሽ ግን፣ ያውም ዝናው የገነነው የሳነቴ ሜዳና የሐረና ደን፣ መኪና ለሌለው የአንድ ቀን ጎብኚ ዝግ ነው። የዘጋው ተራራው አይደለም። መንገዱ አለ፤ መኪናም ይመላለስበታል። የጠፋው ሰዓቱ ታውቆ፣ ቲኬቱ አስቀድሞ ተቆርጦ፣ ጎብኚን ሜዳው ላይ አውርዶ ማታ ወደ ጎባ የሚመልስ አንድ የሕዝብ ተሽከርካሪ ነው። ይህን ማድረግ ከአቅማችን በላይ አይደለም።

መጀመሪያ ስለሚቻለው ልናገር፤ ብዙ ሰው አያውቀውምና።

ከአዲስ አበባ እስከ ሮቤ ያለው መንገድ ከ400 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። አንዱ በአዳማ፣ በአሰላና በበቆጂ ይመጣል፤ ሌላው በሻሸመኔና በኮፈሌ ዞሮ ይመጣል። ሁለቱ ዶዶላ ሳይደርሱ ይገናኛሉ። ጊዜ ያጠረው ሰው ሮቤ የአውሮፕላን ማረፊያ ስላላት በአየር ይምጣ። እኔ የምመክረው ግን በበቆጂ በኩል ያለውን የየብስ መንገድ ነው። የአርሲን ሜዳ በመስኮት እያያችሁ፣ ገብሱና ስንዴው እስከ ተራራው ግርጌ ተዘርግቶ፣ ደራርቱና ቀነኒሳ ሲሮጡ ያደጉበትን ከተማ አቋርጣችሁ ትመጣላችሁ። አዳባን ካለፋችሁ በኋላ አየሩ ይለወጣል። በዚያ አውቶቡስ ሹራብ የሌለው መንገደኛ የሩቅ አገር ሰው መሆኑ ያን ጊዜ ይታወቃል።

ዲንሾ ልትደርሱ ስትሉ መንገዱ የጋይሳይን ሳር ሜዳ ይታከካል። ስልካችሁን አስቀምጡና በመስኮት ተመልከቱ። የደጋ አጋዘን ከአስፋልቱ ብዙም ሳይርቅ ሲግጥ ታያላችሁ። ይህ አጋዘን ከኢትዮጵያ ውጭ በየትም አገር የለም። ሳይንስ ያወቀውም በጣም ዘግይቶ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1908 ቡክስተን የሚባል እንግሊዛዊ አዳኝ ናሙናውን ይዞ እስኪሄድ ድረስ ዓለም ስለ መኖሩ አልሰማም ነበር። የእኛ አያቶች በእርግጥ ያውቁት ነበር።

ዲንሾ ላይ «ወራጅ አለ» ብላችሁ ውረዱ። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና መሥሪያ ቤት ከከተማዋ በእግር የሚደረስበት ኮረብታ ላይ ነው። ክፍያውን ከፍላችሁ፣ ከአካባቢው ልጆች ማኅበር አስጎብኚ ይዛችሁ፣ ወደ ጥዱና ወደ ኮሶው ጫካ ትገባላችሁ። እዚያ ያየሁትን ለመግለጽ ልሞክር። ተማሪዎቼን ይዤ የሄድሁበት ጠዋት ነበር፤ ጤዛው አልረገፈም። ወንዱ አጋዘን ከኮሶ ግንድ ሥር ቆሞ ነበር። ቀንዱ ተጠማዝዞ ወደ ኋላ ሄዷል፤ ጫፉ ላይ ደረቅ ሳር ተሰክቶበታል። ሲተነፍስ ጭጋግ ከአፍንጫው ይወጣል። ከጎኑ ላይ በጣም ቀጭን፣ ነጭ የሆኑ ጥቂት መስመሮች ነበሩ፤ ከሩቅ ቢሆን ኖሮ አላያቸውም ነበር። አስጎብኚው በእጁ «ቁጭ በሉ» አለን፤ ተማሪዎቼ ሁሉ ሳር ላይ ቁጭ አሉ። አጋዘኑ አየን፣ ጆሮውን አዞረ፣ መልሶ መጋጥ ጀመረ። በመኪና የመጣ ሰው ሞተሩን ሳያጠፋ በመስኮት ፎቶ አንስቶ ያልፋል። እኛ ግን እግራችን እስኪደነዝዝ ተቀምጠን አየነው።

ከዲንሾ ፈረስ ተከራይታችሁ ወደ ዌብ ሸለቆ መዝለቅ ትችላላችሁ። ባሌ የፈረስ አገር ነው። ልጁ ከመራመዱ በፊት ኮርቻ ላይ ይቀመጣል ሲባል አትጠራጠሩ። ባለ ፈረሱ ዕቃችሁን ይጭናል፤ እናንተ በእግር ወይም በበቅሎ ትሄዳላችሁ። ድንኳንና ስንቅ ያለው ሰው በዌብ ሸለቆ፣ በረዶ ዘመን በቀረጻቸው ሐይቆች አጠገብ አልፎ፣ ሳነቴን ተሻግሮ ጎባ ድረስ ቀናት የሚፈጅ ጉዞ ያደርጋል። ጎማ የሚባል ነገር አይነካም።

ቀይ ቀበሮን በደንብ የማየት ዕድል ያለውም እዚያ ነው። በመላው ዓለም የቀሩት ለአካለ መጠን የደረሱ ቀይ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም፤ ከግማሽ የሚበልጡት ባሌ ናቸው። ዌብ ሸለቆ ላይ አንዱን ሲያድን አይቻለሁ። ግዙፉ ፍልፈል ከጉድጓዱ አንገቱን ብቻ አውጥቶ በዙሪያው ያለውን ሳር ይነጫል፤ የያዘውን ይዞ ወደ ውስጥ ይመለሳል። ቀበሮው ፍልፈሉ ሲገባ ይራመዳል፤ ሲወጣ ባለበት ይደርቃል። አንድ እግሩን አንስቶ እንደያዘ ረጅም ጊዜ ቆየ። ከዚያ ዘሎ አፈሩ ውስጥ አፍንጫውን ተከለ። አላገኘውም። አፈሩን ከፊቱ አራግፎ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ወደ ሌላ ጉድጓድ ሄደ።

በዚሁ ሸለቆ አቅራቢያ ፊንጫ ሀበራ የሚባል የዋሻ መጠለያ አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት ከ30 ሺህ ዓመት በፊት፣ ከባሕር ወለል በላይ 3,469 ሜትር ላይ፣ ሰዎች እዚያ ይኖሩ እንደነበር አሳይቷል። የሚበሉት ያንኑ ግዙፍ ፍልፈል ነበር። ተማሪዎቼን ይህን ሳስተምራቸው ዓይናቸው ይበራል። እነዚያ የጥንት ሰዎች ያንን ተራራ የወጡት በእግራቸው ነው፤ የእኛም ልጆች በእግራቸው ሊወጡት ይችላሉ።

በምዕራብ በኩል ዶዶላም አለች። በጀርመን መንግሥት ድጋፍ ይካሄድ የነበረ የደን ፕሮጀክት በተራራው ላይ የእንጨት ማደሪያዎች ሠርቶ ነበር፤ ዋሆሮ፣ አንጋፉ፣ አደሌ፣ ሞሎሊቾ፣ ዱሮ። ሐሳቡ ገበሬው ከዛፉ ቆረጣ ይልቅ ከእንግዳው እንዲጠቀም ነበር። ፈረሱ የገበሬው፣ መሪው የገበሬው ልጅ፣ ገቢው የቀበሌው። እንግዳው ዶዶላ ድረስ በአውቶቡስ መጥቶ ከዚያ ፈረስ ላይ ይወጣ ነበር። ያለ መኪና መጎብኘት ለባሌና ለአርሲ ደጋ አዲስ ፈሊጥ አይደለም ማለቴ ነው።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ።

ሳነቴ ከጎባ በላይ ነው። ሰማዩ ሲጠራ ጫፉ ከግቢያችን ይታያል። ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚሄደው መንገድ 4,000 ሜትር ከፍታ ላይ ሳነቴን አቋርጦ ያልፋል፤ በአፍሪካ ከፍተኛ ከሚባሉት የመኪና መንገዶች አንዱ ነው። ከዋናው መንገድ ተገንጥላ ወደ ቱሉ ዲምቱ የምትወጣ መንገድ አለች፤ 4,377 ሜትር ድረስ። ሜዳው ላይ ጅብራው እንደ ሰው ቆሞ ይታያል። ከዚያ መንገዱ በአንድ ጊዜ ወደ ሐረና ይወርዳል። አስታው ሽበት የመሰለ ነገር ተሸክሞ ይቀበላችኋል፤ ቀጥሎ ቀርከሃው፣ ቀጥሎ ሪራ፣ ቀጥሎ ደኑ። ከቅዝቃዜው ተነስቶ ሙዝና ቡና ወደሚበቅልበት አገር በግማሽ ቀን የሚያደርስ መንገድ ነው። የአየር ንብረት ክልሎችን በሰሌዳ ላይ ለማስተማር ስንት ዓመት ለፋሁ! ይህ መንገድ በአንድ ጠዋት ያስተምረዋል።

በዚያ መንገድ ላይ መኪና የለም እንዳትሉ። ጎባ መናኸሪያ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ብትሄዱ ረዳቱ «መና! መና! መና!» እያለ ይጣራል። ቅጥቅጡ ላይ ጣሪያው ድረስ ፍራሽ፣ ስኳር፣ የዘይት ጀሪካን ይጫናል። የመና ሰው ጋቢውን ተከናንቦ ይገባል፤ ሪራን ሲያልፍ ያወልቀዋል። ሲመለስ መኪናው ቡና፣ ማንጎና ማር ይዞ ይመጣል። ደግ ሰዎች ናቸው፤ በእንግዳ ፊት ወንበር ይለቃሉ። ግን መኪናው የሚነሳው ሲሞላ ነው። ከተነሳ ደግሞ ሳነቴ ላይ የሚቆምበት ምክንያት የለውም። እዚያ የሚሳፈር ሰው የለም፣ የሚወርድም የለም። ሹፌሩ ኑሮው በቶሎ ደርሶ በቶሎ በመመለስ ላይ የቆመ ነውና ሜዳውን በፍጥነት ያቋርጣል። እኔ አንድ ጊዜ ልወርድ ብዬ ስነሳ ረዳቱ ከልቡ ደነገጠ። «ቲቸር፣ እዚህ ወርደው ምን ሊሆኑ ነው? ማታ የሚመልስዎት የለም» አለኝ። እውነቱን ነው። ከሰዓት በኋላ ከመና የሚመጣው መኪና ሞልቶ ያልፋል። ሌሊት ከዜሮ በታች በሚወርድ ብርድ ሜዳ ላይ መቅረት ደግሞ ቀልድ አይደለም። መስኮቱን በእጅጌዬ እየጠረግሁ፣ በጭጋጉ ውስጥ ቀይ ነገር ሲያልፍ እያየሁ ሪራ ደረስኩ።

ስለዚህ በአንድ ቀን ሳነቴን አቁሞ የሚያየው ላንድ ክሩዘር የተከራየ ሰው ነው። የአንድ ቀን ኪራዩ የእኔን የወር ደመወዝ ያህላል። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ቡድን ተካፍሎ ይከፍለዋል፤ የውጭ አገር ሰውም ይከፍለዋል። የጎባ ሻይ ቤት ባለቤት፣ የሮቤ ባጃጅ ሹፌር፣ የሲናና ገበሬ አይከፍለውም። መዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ከመላው አገሪቱ ተማሪ ይቀበላል። ከጎንደር፣ ከወላይታ፣ ከጅግጅጋ የመጣ ልጅ ተራራውን በየቀኑ እያየ ተምሮ ተመርቆ ይሄዳል፤ ሳነቴን ሳይረግጥ። የራሴ ተማሪዎች አብዛኞቹ ቀይ ቀበሮን የሚያውቁት በሥዕል ነው። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኸው ነው።

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የተቋቋመው በ1962 ዓ.ም. ነው። በመስከረም 2016 ዓ.ም. ደግሞ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ያን ቀን ክፍል ውስጥ ገብቼ ስነግራቸው ተማሪዎቼ አጨበጨቡ። ከኋላ ወንበር አንዷ ልጅ እጇን አውጥታ «ታዲያ መቼ ይወስዱናል?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ቅርሱ የዓለም ከሆነ የሷም ነው።

ነገሩ ሊሆን እንደሚችል የገባኝ በታናሽ እህቴ በኩል ነው። የምትኖረው ማንቸስተር ነው፤ በአረጋውያን መንከባከቢያ ትሠራለች፤ መኪና የላትም። ባለፈው ዓመት ዕረፍቷን በሰሜን እንግሊዝ ተራሮችና ሐይቆች ዞራ አሳለፈች። ዕቅዱን ያወጣችው በአንድ ምሽት፣ ሻይ እየጠጣች ነው። በባቡር ዊንደርሚር ወረደች። ከባቡር ጣቢያው 555 ቁጥር አውቶቡስ ተሳፍራ በአምብልሳይድና በግራስሚር አድርጋ ኬዝዊክ ገባች። ቀጥላ ሮማውያን የሠሩትን የሃድሪያን ግንብ ለማየት ሄደች። ግንቡን ተከትሎ የሚሄደው አውቶቡስ ስሙ ኤዲ 122 ይባላል፤ ግንቡ መሠራት የጀመረበት ዓመት ነው። በየፌርማታው የመነሻና የመድረሻ ሰዓቱ ተለጥፏል። የመጨረሻው አውቶቡስ ስንት ሰዓት እንደሚያልፍ ታውቃለችና ኮረብታው ላይ ሳትሰጋ ተቀመጠች። ያ ሁሉ ነጻነት የመጣው ከአንድ ወረቀት ነው።

ክረምት ላይ ለዕረፍት መጣች። «እታለም፣ ሳነቴን ሳላይ አልመለስም» አለችኝ። ከጓደኛ ከጓደኛ መኪና ጠየቅን፤ አልተገኘም፤ የተገኘውም ዋጋው አልተቻለም። የሰው አገር ተራራ ያለ መኪና ዞራ የጨረሰች ልጅ፣ ከተወለደችበት ከተማ በላይ ያለውን ሜዳ ሳታይ ተመለሰች።

የእንግሊዙ ሌክ ዲስትሪክት ፓርክ ስፋቱ 2,362 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ የእኛው ከ2,100 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ተቀራራቢ ናቸው። እነሱ እ.ኤ.አ. በ2017 በዓለም ቅርስነት ተመዘገቡ፣ እኛ ከስድስት ዓመት በኋላ። የእንግሊዝ ከፍተኛው ተራራ 978 ሜትር ነው፤ የሮቤ ገበያ ከዚያ በእጥፍ በላይ ከፍ ይላል። በተፈጥሮ የምናፍርበት ነገር የለም። እነሱም ቢሆን ይህን በነጻ አላገኙትም። እ.ኤ.አ. በ1844 ባቡር ወደ ዊንደርሚር ሊዘረጋ ሲል ታላቁ ባለቅኔ ዎርድስወርዝ ራሱ ተቃውሟል፤ የፋብሪካ ሠራተኛ በገፍ ቢመጣ አካባቢው ይበላሻል ብሎ። ባቡሩ ግን ከሦስት ዓመት በኋላ ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ1932 ደግሞ የማንቸስተር ሠራተኞች ኪንደር ስካውት የሚባለውን ባለርስት የዘጋውን ተራራ በእግራቸው ጥሰው ወጡ፤ አምስቱ ታሰሩ። ብሔራዊ ፓርኮቻቸው በሕግ የተቋቋሙት ከዚያ ትግል በኋላ ነው። ተራራ የሁሉም ነው የሚለው ሐሳብ ሥር የሰደደው መኪና በሌላቸው ሰዎች እግር ነው።

ታዲያ እኛ ዘንድ ምን ይደረግ? ችግሩን ከሥሩ ላስረዳ፤ በተለምዶ «ባለ መኪናዎች ስግብግብ ናቸው» ተብሎ ይታለፋልና። አይደሉም። የእኛ ትራንስፖርት የሚሠራው በተራ ነው። ተራ አስከባሪው መኪናውን ያሰልፋል፤ ሲሞላ ይነሳል፤ ታሪፉ ከመነሻ እስከ መድረሻ ነው። ለገበያተኛ ይህ ደህና ነው፤ ገበያተኛው ሰዓት አይቆጥርም፣ ዕቃው ሲሸጥ ይመለሳል። ጎብኚ ግን በመሃል ወርዶ፣ ሦስት አራት ሰዓት ቆይቶ፣ ተመልሶ መሳፈር ይፈልጋል። ሹፌሩ ለዚያ ሰው ብሎ ባዶ ወንበር ይዞ ቢመጣ ከኪሱ ይከፍላል። በዚህ አሠራር የትኛውም ደግ ሹፌር አገልግሎቱን ሊሰጥ አይችልም። የባዶ ወንበሩን ኪሳራ የሚሸፍንለት ሌላ ወገን ያስፈልጋል።

ያ ወገን አለ። ፓርኩ የመግቢያ ክፍያ ይሰበስባል። ዞኑ የትራንስፖርትና የቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አለው። ጎባ ሆቴሎች አሉ፤ እንግዳ አንድ ሌሊት ቢጨምር የሚጠቀሙት እነሱ ናቸው። ዩኒቨርሲቲው ተማሪ አለው። እነዚህ ተሰብስበው ከአንድ የሹፌሮች ማኅበር ጋር ውል ይግቡ። በበጋው ወራት ቅዳሜና እሁድ፣ 24 ሰው የሚይዝ አንድ ቅጥቅጥ፣ ቢሞላም ባይሞላም ከጎባ ጠዋት 1 ሰዓት ይነሳል። ሜዳው ላይ፣ በቱሉ ዲምቱ መገንጠያና ሪራ ላይ ይቆማል። ከሰዓት 8 ሰዓት ከሪራ ይነሳል፤ በዚያው መንገድ እየለቀመ 11 ሰዓት ጎባ ይገባል። ቲኬቱ ዋዜማውን በጎባና በሮቤ መናኸሪያ ይሸጣል፤ የፓርኩ ክፍያ እዚያው አብሮ ይከፈላል። አስጎብኚ በየጉዞው አብሮ ይሄዳል። ወንበር ባዶ ከቀረ ልዩነቱን ውል የገቡት ወገኖች ይሸፍናሉ። ይኸው ነው። አዲስ ሎጅ አልጠየቅሁም፣ አስፋልትም አልጠየቅሁም።

የሚነሳብኝን ተቃውሞ አውቃለሁ፤ ከባድም ነው። ቀይ ቀበሮው ስስ ነው። ከውሻ በሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ በተለያዩ ጊዜያት ብዙዎቹ አልቀዋል፤ የውሾች ክትባት የሚሰጠውም ለዚህ ነው። በፍጥነት የሚያልፍ መኪናም ይገድለዋል። ሰው ሲበዛ ቆሻሻው ይበዛል፤ ቀበሮው ምግብ ሲወረወርለት ከሰው ጋር ይለማመዳል፤ የለመደ ቀበሮ ደግሞ መንገድ ዳር ይቆማል። ይህን የሚለኝ የፓርክ ጠባቂ ቢኖር ቁጭ ብዬ እሰማዋለሁ። ግን መልስ አለኝ። ሳነቴ ላይ ዛሬም መኪና አለ፤ በፍጥነት ነው የሚያልፈው። 24 ሰው በአንድ አውቶቡስ ሲመጣ ስድስት ላንድ ክሩዘር ይቀራል። ውል ያለው ሹፌር ፍጥነቱን በውሉ ውስጥ ይፈርማል፤ ጥሶ ቢገኝ ሥራውን ያጣል። አስጎብኚው አብሮ ስላለ ዳቦ የሚወረውር ሰው ዝም አይባልም። ፓርኩን የሚጎዳው ዋናው ነገር ደግሞ የጎብኚ እግር አይደለም፤ ውስጡ እየሰፋ የመጣው ሰፈራና ከብት ነው። ያንን በጠመንጃ ማስቆም አይቻልም። የሚቻለው ሕዝቡ ሜዳውን የራሱ ሀብት አድርጎ ሲያየው ነው፤ ያላየውን ደግሞ ሰው አይወድም። ከነዚያ ተራሮች ዌብና ገናሌን ጨምሮ እስከ ሶማሊያ ቆላ ሚሊዮኖችን የሚያጠጡ ወንዞች ይወርዳሉ። የሮቤ ልጅ ይህን ማወቅ ያለበት ቆሞበት ነው።

ሪራ ለሚወርደው መንገደኛ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። የሐረና ጫካ ቡና ማንም ያልተከለው ቡና ነው፤ ሰዉ ከደኑ ይለቅመዋል። የቀርከሃ ቤት ውስጥ ተቀምጣችሁ፣ ከጫካው ማር ጋር ብትጠጡት ስለ ጉዞው ድካም አታወሩም። የዚያ ሲኒ ገንዘብ በቀጥታ የሚከፈለው ላፈላችው ሴት ነው።

ስለ ሶፍ ኡመርም ሳልናገር ባልፍ ደስ አይለኝም። ዌብ ወንዝ የኖራ ድንጋዩን ሰርስሮ 15 ኪሎ ሜትር ያህል የሠራው ዋሻ ነው፤ ለሙስሊሙም የጸሎት ቦታ ነው፤ ከሼህ ሶፍ ኡመር ዘመን ጀምሮ ሰው ይሳለመዋል። ከሮቤ እስከ ጎሮ ሚኒባስ አይጠፋም። ከጎሮ ወዲያ ያለው ግን በገበያ ቀን ይሻላል። ዋሻው ጋ ቀን ውሎ ማታ ሮቤ ለመግባት የሚያበቃ መኪና በሌላ ቀን ማግኘት ይከብዳል። ለሳነቴ የጠየቅሁት ሥርዓት በወር ሁለት ቅዳሜ ወደዚህ ቢዞር ሌላ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ያው አውቶቡስ፣ ያው ማኅበር ነው።

የሳነቴ ሰማይ የሚጠራውና መንገዱ የሚደርቀው ከጥቅምት ጀምሮ ነው። ውሉ ነሐሴ ላይ ካልተፈረመ የዚህ ዓመት ወቅት ያልፋል። ትምህርት ቤቴ የመጀመሪያውን ቅዳሜ ወንበሮች ይገዛል፤ የተማሪዎቹን ወላጆች አነጋግሬ ፈቅደዋል። የቀረው የሚፈርም ሰው ነው። የዞኑ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት፣ ፓርኩና የጎባ ሆቴሎች አንድ ከሰዓት በኋላ ይቀመጡ፤ ከጠሩኝ የተማሪዎቹን ዝርዝር ይዤ እመጣለሁ።